አባባ፣ መድኃኒቱን ያልላክሁበት ምክንያት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐዋሳ ዝናቡ ገብቷል። አዳማስ ነፋሱ እንዴት ነው?

በስልክ «ጭንቅላት አየር ሲያጥረው የሚከላከል መድኃኒት አለ አሉ፤ ፈልገሽ ላኪልኝ» ብለውኝ ነበር። ቀጥለውም ግራ እጅዎ ለአስር ደቂቃ ደንዝዞ እንደነበር እንደ ዋዛ ጣል አድርገው አለፉት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ስለ መድኃኒቱ ልንገርዎ። ወንጂ ሳሉ የመስኖውን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ከኋላዎ እከተል ነበር። የአንጎል ሴልም እንዲህ ያለ በር አለው፤ ኤንኤምዲኤ ይሉታል። ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር ይከፍተዋል። በደህናው ጊዜ በልኩ ይከፈታል፤ የምንማረውም የምናስታውሰውም በእሱ ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ግን፣ ስትሮክ የሚሉት ማለት ነው፣ ሴሎቹ ኃይል ያልቅባቸዋል። ግሉታሜቱ ያለ ልክ ይፈስሳል፣ በሩ ተበርግዶ ይቀራል፣ ካልሲየም ይገባል። አዋሽ ሞልቶ ማሳውን ሲያጥለቀልቀው ያዩትን ያስቡት።

በሩን መዝጋት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ተመራማሪዎች የአይጦችን አንጎል ደም ከማቋረጣቸው በፊት በሩን የሚዘጋ መድኃኒት ሰጥተዋቸው ጉዳቱ ቀንሶ ታይቷል። ፋርማሲ ስማር ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። ሰው ላይ ግን አልሠራም። ሴልፎቴል የተባለው በሽተኞችን ያስቃዥና ያስጨንቅ ነበር፤ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቆመ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ለ1,700 ያህል በሽተኞች፣ ምልክቱ ከጀመረ 2 ሰዓት ሳይሞላ፣ ለግማሾቹ ይህንኑ በር የሚዘጋ ማግኒዥየም፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሰጧቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ልዩነት አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ በሩን ደህናዎቹ ሴሎችም የሚፈልጉት መሆኑ ነው። ደግሞም ብዙ ሰው «ትንሽ ልተኛ፣ ይለቀኛል» እያለ ጎርፉ ከገባ በኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ የምልክልዎ መድኃኒት የለም። በእጅዎ ያለው የግፊት ክኒንዎ ነው፤ እባክዎ አያቋርጡት። የእጅዎ መደንዘዝ ደግሞ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ይህን እንዳነበቡ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይዩ።

ዳግም ቢደነዝዝዎ፣ አፍዎ ቢጣመም ወይም ምላስዎ ቢተሳሰር፣ እማዬ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ታድርስዎ። የደም መርጋቱን የሚያሟሟው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሰዓቱን አይታ ትያዝ፤ ሐኪሙ ቀድሞ የሚጠይቃት እሱን ነው።

ቅዳሜ እመጣለሁ።

ልጅዎ