የቅዳሜው ንባባችን፦ የዌልሱ ንጉሥና ጳጳሱ

ሰላም የንባብ ቡድናችን አባላት፣

የዚህ ወር ውይይታችን ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት በዙም ነው። ሰዓቱ የአዲስ አበባ ነው፤ ውጭ ያላችሁ አስሉት።

የምናነበው የዌልሱን የቅዱስ ፓዳርንን ገድል ነው፣ ንጉሥ ማይልጉን የሚመጣበትን ክፍል ብቻ። ማይልጉን በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ዌልስ የግዊኔድ ንጉሥ ነበር። መልእክተኞቹ ለጳጳሱ ለፓዳርን ከረጢቶች አምጥተው "የንጉሡ ሀብት ነው፣ ጠብቅልን" ይሉታል። የታጨቀበት ግን ጠጠር ምናምን ነው። ተመልሰው ሲከፍቱት "ሰረቅከን!" ብለው ከሰሱት። እውነተኛው ማን እንደሆነ በፈላ ውሃ እንዲለይ ውሃ አፈሉ። ፓዳርን እጁን ከተተ፤ ምንም ሳይሆን አወጣው። ከሳሾቹ ተቃጠሉ። የንጉሡም ዓይን ጠፋ፤ የበራለት ይቅርታ ጠይቆ መሬት ከሰጠ በኋላ ነው።

እኔን የገረመኝ የመሬቱ ወሰን በወንዝ ስም ተለይቶ መጻፉ ነው። ገድሉ የተጻፈው ማይልጉን ከሞተ (እ.ኤ.አ. 547 ገደማ) ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ታዲያ የተአምር ታሪክ ነው ወይስ የርስት ማስረጃ? እዚህ ላይ እንከራከር።

ጽሑፉን ትናንት እዚሁ ለጥፌዋለሁ፤ 2 ገጽ ናት። ከአገራችን ገድላትም ንጉሥና ጻድቅ የተጋጩበት አንድ ታሪክ ይዛችሁ ኑ። የዐምደ ጽዮንና የአቡነ ፊልጶስ ተይዟል፣ የኔ ነው!

ለሚቀጥለው ወር ደግሞ ምረጡ፦ ማይልጉንን በጽሑፍ ያብጠለጠለው ጊልዳስ ወይስ ከንጉሥ ጋር በመሬት የተጣላው ቅዱስ ቤውኖ?

የምትገኙ ምርጫችሁን ጨምራችሁ እስከ ሐሙስ "አለሁ" በሉኝ። ሊንኩን የምልከው መልስ ለሰጡ ብቻ ነው።