ለሕንፃ ባለቤት ደንበኞቻችን፦ ላይኛው ፎቅ ለምን ተከራይ አጣ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስትደውሉልን የምታነሱት ጥያቄ አንድ ነው። «ግራውንዱ ሳይውል ሳያድር ተያዘ፤ ሦስተኛና አራተኛው ፎቅ ግን ይኸው ባዶውን ቁጭ ብሏል። እናንተ ምን እየሠራችሁ ነው?» መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ለየብቻ በስልክ ከምንመላለስ ያየነውን በጽሑፍ እናስረዳችሁ ብለናል።

ድሬዳዋ የዕቃ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ከዚያ ወዲህም በጅቡቲ በኩል በሚገባና በሚወጣው ኖራለች። ዕቃ የሚነግድ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ሱቅና መጋዘን ነው። ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴ ቢሮው ሱቁ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ናት። አራተኛ ፎቅ ውጣ ብትሉት ይስቅባችኋል።

ቢሮ የሚከራዩት ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ)፣ ጠበቃ፣ የሂሳብ ባለሙያ፣ ክሊኒክና ኤንጂኦ ናቸው። ባንኩ ዓይኑ ግራውንዱ ላይ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን፣ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ከገደበ ወዲህ (ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም) አዲስ ቅርንጫፍ እንክፈት ብሎ የሚመጣልን ቀንሷል። ትራንዚተሮቹም ሥራቸው ከመሐል ከተማ እየወጣ ነው። በ2010 ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ነፃ የንግድ ቀጠናውም በነሐሴ 2014 ተከፍቷል። ለከተማዋ ደስ የሚል ነገር ነው፤ መሐል ከተማ ከዚራ ሰፈር ባዶ ፎቅ ላለው ሰው ግን እምብዛም።

ይህ ሁሉ ከእናንተም ከእኛም አቅም በላይ ነው። በእጃችን ያለውን ደግሞ እንነጋገር።

በቅርቡ አንድ የኢንሹራንስ ሰው ይዘን ሕንፃ ልናሳይ ሄድን። ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። ሊፍቱ ቆሟል። አራት ፎቅ በእግር ወጣን። ክፍሉ በምዕራብ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ፀሐዩ ጠረጴዛ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተዘርግቷል። ሰውየው ሽንት ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው ትንሽ አየር ተነፈሰና ዝም አለ። ስለ ዋጋ አንድ ቃል ሳይጠይቀን ወረደ። በነገራችን ላይ የከዚራ የድሮ ቤቶች ወፍራም ግድግዳና ሰፊ በረንዳ ያላቸው በከንቱ አይደለም። በድሬ ሙቀት ሙሉ መስታወት ማልበስ የማን ምክር እንደሆነ እንጃ።

ሊፍት መጠገን እንደ ድሮው እንዳልሆነ እናውቃለን። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተተወበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል፤ መለዋወጫውም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ሁሉን ባንድ ጊዜ አድርጉ አንልም። ከውኃው ጀምሩ። ሮቶና ፓምፕ ከሊፍት ይረክሳሉ፤ ውኃ የሌለው ፎቅ ደግሞ በነፃም ተከራይ አያገኝም። በምዕራብ በኩል መጋረጃ ወይም የፀሐይ መከለያ ይሁን።

ከዚያ ሙሉ ፎቅ ለአንድ ተከራይ ብቻ ማለቱን ተዉት። ወደ እኛ የሚመጡት ጠበቆችና የሂሳብ ባለሙያዎች የሚፈልጉት 20 ወይም 25 ካሬ ነው። በጂፕሰም ከፋፍሎ ማከራየት ይቻላል። የአንድ ዓመት ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅም ብዙዎቹን ከበር ይመልሳል፤ ሦስት ወር ይበቃል። የአራተኛ ፎቅ ካሬ በግራውንድ ዋጋ አይሄድም፤ ይህን የምንላችሁ ኮሚሽናችን አብሮ እንደሚቀንስ እያወቅን ነው።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ያሰጋችሁም አላችሁ። እሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት ነው። የሁለት ዓመት ዝቅተኛ የውል ጊዜውም ሆነ የጭማሪ ቁጥጥሩ ቢሮና ሱቅን አይነካም። «ዋጋ ዝቅ ካደረግሁ በኋላ ማስተካከል አልችልም» ብላችሁ ፎቁን ዘግታችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ጭማሪውን ውሉ ላይ አስቀድመን መጻፍ እንችላለን።

ዋጋና የክፍል አከፋፈል ለመነጋገር የምትፈልጉ የወለሉን ፕላንና የነባር ተከራዮቻችሁን ውል ኮፒ ይዛችሁ ብቅ በሉ። ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፤ በቀትር አታገኙንም፣ መቼም ድሬ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሮ ኪራይና ሕንፃ አስተዳደር ክፍል
ድሬዳዋ