አባባ፣ ስለዚያ ደመወዝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያን ትልቅ ደመወዝ ያለውን የሶፍትዌር ሥራ አልቀበልም ስላልኩ «የመጣ እንጀራ ይገፋል ወይ?» ላሉኝ በስልክ መመለሱ ስላስቸገረኝ ነው የምጽፍልዎ።

አባባ፣ በእኛ ሙያ ክፉ ሥራ ተቆራርሶ ነው የሚመጣው። ማስታወቂያው «ተንቀሳቃሽ ነገርን በካሜራ የሚከታተል ሶፍትዌር» ይላል። ያው ፕሮግራም መንገድ ላይ መኪና ይቆጥራል፤ ድሮን ላይ ሲጫን ሰው ያሳድዳል። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ላይ እጠይቃለሁ፦ ገዢው ማን ነው? ዕቃው ሲሳሳት የሚጎዳውስ? መሐንዲሱ «ገና ነው፣ አይውጣ» ቢል ሰሚ አለው? የመጀመሪያውን «ሚስጥር ነው» ካሉኝ እዚያው አበቃለሁ። በመጨረሻው ከሳቁም እንደዚያው።

«የታዘዘውን ሠራ እንጂ ምን አጠፋ» እንዳይሉኝ የቮልስዋገንን ነገር ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደተጋለጠው፣ 11 ሚሊዮን ገደማ የናፍጣ መኪኖች ላይ ማታለያ ፕሮግራም ተጭኖ ነበር። የመሪውን አቀማመጥ፣ ፍጥነቱን፣ ሞተሩ የሠራበትን ጊዜና የአየሩን ግፊት እያየ መኪናው ፍተሻ ላይ መሆኑን ይለያል። ፍተሻ ላይ ጭሱን በደንብ ያጣራል፤ መንገድ ሲወጣ ማጣሪያውን ያላላል። ያኔ የሚለቀው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ አሜሪካ ከምትፈቅደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። መሪ ወዴት እንደዞረ ማንበብ ለብቻው ሲታይ ምን ነውር አለው? እ.ኤ.አ. በ2017 ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤት ከኩባንያው መሐንዲሶች በአንዱ ላይ 40 ወር እስራትና 200,000 ዶላር ቅጣት ፈርዶበታል።

እምቢታው ደግሞ ከፊርማ በፊት ነው የሚሻለው። ብዙ ውል ላይ ቶሎ የለቀቀ ሰው የመፈረሚያ ጉርሻውን እንዲመልስ የሚያስገድድ አንቀጽ አለ፤ ያዩትን ለሌላ እንዳይናገሩ የሚያስርም እንዲሁ። ከሁለቱም የሚብሰው ግን ኑሮው ነው። በትልቅ ደመወዝ ልክ የቤት ዕዳ የገባ ሰው ቢጎረብጠውም አይለቅም።

ለቀጣሪው የምጽፈውን መልስ ሦስት መስመር ብቻ አደርገዋለሁ፦ ምስጋና፣ «ምርቱ የሚውልበት ጉዳይ ለእኔ አይሆንም»፣ ሌላ ክፍል ካላቸው ፈቃደኛ መሆኔ። ስብከት አልጨምርበትም፤ የሚያነበው የሰው ኃይል ሠራተኛ ውሳኔው የእሱ አይደለም።

«አንተ ብትተወው ሌላው ይሠራዋል» ማለትዎ እውነት ነው፤ አልከራከርም። የስድስት ወር ወጪ ተቀማጭ ስላለኝ በእኔ አይጨነቁ። የሐኪም ቀጠሮዎን ብቻ እንዳያሳልፉብኝ። እማማን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ