ለቀጣዩ አንባቢ፦ የንባብ ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የንባብ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ ክልክል ነው። መጽሐፍ ይዞ የመጣ አባል ሁለት ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። የቱ ቦታ ላይ ተናደድክ፣ ደስ አለህ ወይም ፈራህ? ከዚህ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ለማን ትሰጠዋለህ?

ሕጉን መስከረም ላይ ከላይብረሪያናችን ጋር ተመካክረን አወጣነው። ልጆቹ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የመጽሐፍ ዳሰሳ ይሠራሉ። ጭብጥ፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርያት እያሉ በቅደም ተከተል ያቀርባሉ። ትምህርቱ አስፈላጊ ነው፤ እኔም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን የጓደኛውን ዳሰሳ ሰምቶ «እስቲ መጽሐፉን አውሰኝ» ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ልጅ መጽሐፍ ለመዋስ የሚቸኩለው ጓደኛው ስለ አንዲት ገጽ እየተንገበገበ ሲያወራ ሲሰማ ነው። ክበቡ የተሠራው ለዚያ ወሬ ቦታ ለመስጠት ነው።

በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ ከውስጥ በኩል አንድ ወረቀት ለጠፍን። ከላይ «ለቀጣዩ አንባቢ» ይላል። ያነበበ ሁሉ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፍበታል። ስም ግዴታ አይደለም፤ ክፍሉን ከጻፈ ይበቃል።

መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። «በጣም አስተማሪ ነው።» «ሁሉም ሰው ሊያነበው ይገባል።» ልጆቹ መምህር ያየዋል ብለው ነው የጻፉት። ከዚያ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአንድ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሦስተኛውን ታሪክ ማታ እንዳታነቡት። እኔ አንብቤው እናቴ ጋ ሄጄ ነው የተኛሁት።» ያ መጽሐፍ እስከ ገና ድረስ መደርደሪያ ላይ አላረፈም። ከእሷ በኋላ የሚጻፈውም ተለወጠ። አንዱ «ዋናው ሰውዬ አናደደኝ፤ እናንተንም ካላናደዳችሁ ንገሩኝ» አለ። ሌላዋ መልስ ጻፈችለት። ሁለቱ ልጆች በአካል የተዋወቁት ከወራት በኋላ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር ፍቅር እስከ መቃብር ላይ ተነሣ። ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከ500 ገጽ ይበልጣል። ስሙን የማያውቅ ተማሪ የለም። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅርም ሁሉም ሰምቷል። አንብቦ የጨረሰው ግን በጣም ጥቂት ነበር። ውፍረቱ ያስፈራል። ያሉን ቅጂዎችም ለሁሉም አይዳረሱም። ስለዚህ በቡድን ተከፋፍለን በየተራ ማንበብ ጀመርን።

የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ትልቅ ውለታ ዋሉልን። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ የተረከው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። በምሳ ሰዓት በድምፅ ማጉያው ትንሽ ትንሽ እየቆረጡ አሰሙን። ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ቆም እያሉ አዳመጡ። የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ በወጋየሁ ድምፅ ሲመጣ ከት ብለው የሚስቁ ነበሩ። ከዚያ ሳምንት በኋላ የክበቡ አባል ያልሆኑ ልጆች ላይብረሪ እየመጡ «ፊታውራሪ ያሉበትን መጽሐፍ» ይጠይቁ ጀመር። ድምፅና ወረቀት ይጋጫሉ የሚሉ ሰዎች አሉ። እዚህ ግቢ ውስጥ ድምፁ ልጆቹን ወደ ወረቀቱ አመጣቸው።

ክርክሩ የተጀመረው በበዛብህ ነው። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ብድግ አለና «በዛብህ ፈሪ ነው፤ ብቻውን ወደ አዲስ አበባ ሄደ» አለ። አንዲት ልጅ ወዲያው ተቀበለችው። «እሺ፣ በዚያ ዘመን የፊታውራሪ ልጅን ይዞ የት ሊደርስ ነበር?» ሌላዋ ደግሞ ሁለቱንም ተቃወመች። ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ደፋሯ ሰብለ ናት፤ በስተመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ምቾት ወጥታ መንገድ የጀመረችው እሷ ናት አለች። ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሣም።

የዘመኑን ሥርዓት በግልጽ በሚተቸው በጉዱ ካሳም አልተስማሙም። እኛ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ ጉዱ ካሳን የማይወድ አልነበረም። ዘንድሮ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ይናገራል እንጂ ምን አደረገ? ገበሬዎቹን አስተባብሮ የተነሣው አበጀ በለው ነው» አለ። በብዙ ዓመት የማስተማር ሕይወቴ ይህን አስተያየት በዚህ መልክ ሰምቼው አላውቅም። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ሐሳቡን ዘርቶ ያለፈ ሰው ነው ይላል። ሌላው ለገበሬው ያልደረሰ ሐሳብ ምን ይረባል ይላል። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። ጉዱ ካሳ የሚናገረውን በፊታውራሪ ቤት ውስጥ ሆኖ መናገር ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ይህን ነገርኳቸው፤ ልጁ ግን አሁንም አልተስማማም። በወረቀቱ ላይም ሐሳቡን እንዳለ ጽፎታል።

ከሁሉም በላይ የማረከኝ አስተያየት የመጣው ከአንድ ዝምተኛ ልጅ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸው በዛብህ ከሕመም ቢድን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ። ልጁ «እኔ ፍቅሩን አይደለም ያነበብኩት፤ ስዕለቱን ነው» አለ። «እኔንም ዶክተር ሊያደርጉኝ ተስለዋል።» ከዚያ በኋላ ስለ ሰብለ ማውራት ቀረ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገቡ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣሉ። ምርጫው የማን እንደነበር አንድ በአንድ አወጡት። አንዷ የአባቷ ነው አለች። አንዱ ጓደኞቹን ተከትሎ ነው የገባው። ስለ ራሳቸው እንዲህ በግልጽ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ በ1958 የታተመ መጽሐፍ ይህን በር ከፈተላቸው።

ወሬውን ሰምታ የቆየች አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ለዚያ ልጅ መጽሐፍ ይዛለት መጣች። የበዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገር ነው፤ በ1962 ዓ.ም. የወጣው። ዋናው ሰው አበራ የመንግሥት ሥራ አለው። ልቡ ያለው ግን ሥዕል ላይ ነው። ቤተሰቡ ትዳር ይዞ፣ ሥራውን አጥብቆ እንዲኖር ይፈልጋል። «ይህ ላንተ ነው» ብላ ሰጠችው። እኔ ለዚያ ልጅ ምን ልስጠው ብዬ እያሰብኩ ነበር። ከእኔ ቀድማ አገኘችው። ልጁ በሁለት ሳምንት ጨርሶ ወረቀቱ ላይ «አበራን እወደዋለሁ፤ እንደሱ መሆን ግን አልፈልግም» ብሎ መለሰው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ቲቸር፣ እሱ በጣም ዘገየ» አለኝ።

ሌላ ያልጠበቅነው ነገር ወላጆች መግባታቸው ነው። አንዲት ተማሪ ፍቅር እስከ መቃብርን ቤት ወስዳ ስትመልሰው በወረቀቱ ላይ የሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ አገኘን። «በልጅነቴ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። አንብቤው ግን አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ከልጄ ጋር አብረን ጨረስነው» ይላል። እናቷ ናቸው። ከዚያ በኋላ ወላጆችም እንዲጽፉ ፈቅደናል። እስካሁን አባቶች ብዙም አልጻፉም፤ እንጠብቃቸዋለን።

«አልጨረስኩትም» ማለት በክበባችን ይፈቀዳል። ስንት ገጽ ላይ እንዳቆሙና ለምን እንዳቆሙ ብቻ ይጽፋሉ። ይህ ስንፍናን ያበረታታል የሚል ሐሳብ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ነበር። ሥጋቱ ይገባኛል። ሆኖም ሰለቸኝ ማለት የተፈቀደለት ልጅ ወደድኩት ሲል ጓደኞቹ ያምኑታል። ምክር የሚሠራው ሲታመን ነው። ደግሞም ያቆሙት ብዙዎቹ ተመልሰዋል። አንዱ ልጅ አርባ ምናምን ገጽ ላይ አቁሜያለሁ ብሎ ሲጽፍ፣ ሥሩ ሌላ ሰው «አሥር ገጽ ብቻ ጨምር፣ ከዚያ በኋላ አታቆምም» ብሎ ጻፈለት። ጨመረ፤ ጨረሰውም።

ልቦለድ የማይወዱ ልጆች መጀመሪያ ላይ ዳር ዳር ይሉ ነበር። አንዱ ከአጎቱ ቤት ያመጣውን የንብ እርባታ መመሪያ ይዞ ገባ። ያፍራል መሰለኝ፣ ድምፁ አይሰማም ነበር። ቀፎ ውስጥ ሠራተኞቹ ንቦች በሙሉ ሴቶች መሆናቸውን፣ ወንዶቹ ማር እንደማይቀስሙ ሲናገር ሴቶቹ ተማሪዎች አጨበጨቡ። መመሪያው ከማንኛውም ልቦለድ እኩል እጅ በእጅ ዞረ። ሌላ ተማሪ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ልቦለድ አመጣ። አንዲት ገጽ በራሱ ቋንቋ አነበበልን፤ ከዚያ ለምን እንደወደደው በአማርኛ ነገረን። ቋንቋውን የሚችሉት ልጆች ወዲያው ተረኛ ለመሆን ተመዘገቡ። በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍት በመደርደሪያችን ላይ እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህ ሊስተካከል ይገባል።

የቴሌግራም ነገር ብዙ አነጋገረን። ልጆቹ የሚያነቡት በስልክ ነው። አብዛኛው ፒዲኤፍ ደግሞ ያለ ደራሲው ፈቃድ ስካን የተደረገ ነው። አዲስ መጽሐፍ ለተማሪ ኪስ ውድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘብ የሌለውን ልጅ ለምን በስልክ አነበብክ ብዬ አልወቅስም። ነገር ግን መጽሐፍ ጽፎ የሚኖር ሰው አለ። ከወረቀትና ከማተሚያ ቤት ዋጋ ጋር ሲታገል ከርሞ ያሳተመው ሥራ በሳምንቱ በነፃ ሲበተን ያማል። ጉዳዩን ለአባላቱ ትተንላቸው ራሳቸው ወሰኑ። በሕይወት ያሉ ደራስያን መጻሕፍት በክበቡ ግሩፕ ላይ አይለጠፉም። በምትኩ በመዋጮ አንድ ቅጂ እንገዛለን። ወይም በማስያዣ ከሚያከራዩ መጻሕፍት ሻጮች እንከራያለን። አራት ኪሎና ብሔራዊ ትያትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ ሰዎችን ልጆቹ አሁን በደንብ ይግባባሉ። አንዱ ሻጭ «የወረቀቱ ልጆች» ይላቸዋል። ከእነሱ የገዛነው አንድ ልቦለድ ውስጥ በእስክርቢቶ የተጻፈ የስጦታ ማስታወሻ አገኘን፤ ከልጆቹ ዕድሜ በላይ የቆየ ነው። አልፋቁትም፤ የእኛን ወረቀት አጠገቡ ለጠፉ።

ጥር ላይ አራት ኪሎ የሚገኘውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጎብኝተናል። ከተከፈተ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙን እንጂ ውስጡን ያላዩ ልጆች ነበሩ። ከጉብኝቱ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በራሳቸው የሚሄዱ አሉ። ያ ለእኔ ከጉብኝቱ ይበልጣል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አባላት ቀነሱ። ብሔራዊ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሚሰጥ ዝግጅቱ የጥናት ብቻ አይደለም። ከቤት ርቆ ማደሩም ያሳስባቸዋል። ስለዚህ አልተጫንናቸውም። ከመለያየታችን በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅናቸው። እያንዳንዳቸው ከታች ክፍል የሚያውቁትን አንድ ልጅ መርጠው፣ ለእሱ የሚሆን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውጥተው፣ ምክንያቱን ጽፈው እንዲሰጡ። ያቺ ከአድማስ ባሻገርን የሰጠችው ልጅ ለአንዲት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የግጥም መድበል መረጠች። «ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ደግሞ የበለጠ ጮክ በዪ» ብላ ጻፈችላት። የተሰጣቸው ልጆች አብዛኞቹ እስከዚያ ቀን የክበቡ አባል አልነበሩም። አሁን ናቸው።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንፈልገው ነገር ግልጽ ነው። የፍቅር እስከ መቃብር ተጨማሪ ቅጂዎች ያስፈልጉናል፤ አምስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ ማንበብ ይከብዳል። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ ልቦለዶችን እንቀበላለን። ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም፤ ገጹ ካልጎደለ ይበቃል። የቀድሞ ተማሪዎቻችን መጽሐፍ ስትለግሱ እባካችሁ እናንተም ሁለት ሦስት መስመር ጻፉበት። መጽሐፉ ስንት ዓመታችሁ እያለ እንደደረሳችሁና የቱ ገጽ እንደያዛችሁ ብትነግሯቸው ልጆቹ ደስ ይላቸዋል።

ላይብረሪው ክረምቱን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ክፍት ነው። ለክረምት የተዋሳችሁ አባላት እስከ መስከረም ማቆየት ትችላላችሁ። ወረቀቱ የሞላበት መጽሐፍ ያላችሁ ላይብረሪያናችን ጋ ሂዱ፤ አዲስ ወረቀት ትሰጣችኋለች፤ አሮጌውን ግን እንዳትነቅሉት።