ክረምቱና አሳችን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደሴ፣ የሰኔ መጨረሻ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?

ሰሞኑን ስልካችን እረፍት የለውም። "አሳው ምነው ቀነሰ?" ትሉናላችሁ። "ዋጋው ለምን ጨመረ?" "ለፍልሰታ ታደርሱልናላችሁ ወይ?" ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሱቅ ውስጥ ሰው ተሰልፎ፣ እጃችን በቅርፊት ተለውሶ በቅጡ ማስረዳት አልቻልንም። ስለዚህ ማታ ቁጭ ብለን ይህችን ደብዳቤ ጻፍንላችሁ።

ዋናውን አስቀድመን እንናገር። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ ሐይቅ ከሚባለው ሐይቅ የምናመጣው አሳ ይቀንሳል። ትንንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ደግሞ ከነጭራሹ አንቀበልም። ትእዛዝ ቢጎድልብንም፣ ገበያ ቢያመልጠንም አንቀበልም።

እዚህ ውሳኔ ላይ የደረስነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ባየነው ነገር ነው። ማለዳ ነው፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከሐይቅ የመጣውን ሳጥን ከፍተን እየመዘንን ነበር። አብራን የምትሠራው ልጅ አንዷን ቆሮሶ ከጭንቅላቷ ይዛ ሚዛኑ ላይ ስታጋድማት፣ ከአፏ ቢጫ ፍሬ ዝርግፍ አለ። ከጤፍ ተለቅ ያለ፣ ከማሽላ ፍሬ አነስ ያለ። ሚዛኑ ላይ ተንከባለለ፣ ወለሉም ላይ ወደቀ። ልጅቷ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። መጀመሪያ የበላችው ነገር መስሏት ነበር። እንቁላሏ ነው።

የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁ ግን እንንገራችሁ። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ቆፍሮ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ መጥታ እዚያ ትጥላለች። ከዚያ እንቁላሉን በአፏ ትለቅመዋለች። እስኪፈለፈል፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ በአፏ ይዛቸው ትዞራለች። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እምብዛም አትበላም። ለዚህ ነው አንዳንዴ ጭንቅላቷ ትልቅ፣ ጎኗ ግን ስስ ሆኖ የምታገኟት። አንዷን እናት ስናወጣ በአፏ የያዘቻቸውን መቶዎችም አብረን አወጣን ማለት ነው።

አሳ የሚያመጡልን አንድ ሽማግሌ አስጋሪ አሉ። ይህንኑ ስንነግራቸው "ክረምት እኮ ለአሳ አራስ ቤት ነው" አሉን። ሌላ አልጨመሩም። ቆሮሶ በሌላውም ወቅት ይራባል፤ እኛ ግን አፋቸው እንቁላል የያዘ ሴቶችን በብዛት የምናየው በዝናቡ ወራት ነው። ያቺን ቆሮሶ የዚያን ዕለት ሸጥናት። ትእዛዝ ነበረብን። እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ከዚያ ወዲህ ከአስጋሪዎቻችን ጋር ተነጋግረን ተስማማን። ዓይኑ የጠበበ መረብ ይዞ የሚመጣ ሰው አሳ አንገዛም። ዳርቻው ላይ፣ ቄጠማው ሥር ጎጆ ካለበት ቦታ መረብ እንዳይጣል እንጠይቃለን። አንድ ደንበኛችን የሆነ ሆቴል "መጠኑ ምንም ይሁን፣ ብቻ ሙሉልን" ብሎን ነበር። እንቢ ማለት ከብዶን ነበር፣ ግን አልነው። ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ በኋላ እናንተም ትደግፉናላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ሐይቃችን እንደ ጣና ሰፊ አይደለም። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። የሚገባበት ወንዝ አለ፣ በገጽ የሚወጣለት ግን የለም። ቆሮሶም የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጫጩቱ መጥቶ የተለቀቀበት ነው። ዛሬ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሆነው አሳ ያኔ ሰው አስቦበት የጨመረው ነው። ሰው የጨመረውን ሰው ሊጨርሰውም ይችላል፤ ይህ ነው የሚያሳስበን።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሐይቅ ብትወርዱ ውሃው በበጋ የምታውቁት አይደለም። ከላይ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። ከአርዲቦ የሚነሳው አንከርከሃ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይገባል። ዝናቡ ሲጠነክር በየእርሻው ያለፈውን አፈር ይዞ ይመጣል። ወንዙ በሚገባበት በኩል ያለው ውሃ ቡና በወተት ይመስላል። እርሻው እስከ ዳርቻው ድረስ ስለተጠጋ ከሌላውም አቅጣጫ ጎርፍ ይወርዳል። አፈሩ ብቻ አይደለም፤ ማዳበሪያውም አብሮ ይገባል። በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ነው። የአፈሩ ነገር ወሎን ሁሉ የነካ ነው። ከደሴ ብዙ በማይርቀው ማይባር የአፈር ክለት ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ ሲጠና የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም።

ደመናው ሲከብድና ዝናቡ ሲደጋገም ውሃው ይቀዘቅዛል። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መብላቱን ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴውም ይከብዳል። የማይንቀሳቀስ አሳ መረብ ውስጥ አይገባም። በመንጠቆ የምትሞክሩም ይህን ታዩታላችሁ፤ ትሉን አሽትቶ ይተወዋል። ከደጋው የተጠጋው አርዲቦ ደግሞ ከሐይቅም ይብሳል።

አምባዛ የሚባለው ጺማም አሳ ግን ሌላ ነው። ዝናብ ይወዳል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጥሎ ዳርቻው ሲጥለቀለቅ፣ ሣር የዋጠው ውሃ ውስጥ ሌሊት ገብቶ ይጥላል። ድፍርስ ውሃም አያስቸግረው፤ በጺሙ እየዳሰሰ፣ እያሸተተ ይበላል። አየር ከላይ መሳብ ስለሚችል ሌላ አሳ የሚታፈንበት ውሃ ለእሱ ይመቸዋል። ስለዚህ በዚህ ክረምት ሳጥናችን ውስጥ ከቆሮሶ ይልቅ አምባዛ በዝቶ ብታገኙ አይግረማችሁ። እንቁላል ቋጥሮ ሆዱ የተነፋ አምባዛ ግን አታምጡልን ብለናል።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። አስጋሪዎቻችን አብዛኞቹ ገበሬዎችም ናቸው። ሐምሌ ጤፍ የሚዘራበት ነው። ቀን ማሳ ላይ የዋለ ሰው ሌሊት መረብ ሊጥል አይችልም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስና በረዶ ቀላቅሎ ይመጣል። በታንኳ መሀል ሐይቅ ላይ ሆኖ መብረቅ ሲወርድ ማየት ቀልድ አይደለም። "ዛሬ አልወጣም" ሲሉን እኛም "አብሽሩ፣ ነገ ነው" እንላለን። ለአንድ ሳጥን አሳ የሰው ሕይወት አይገበርም።

ከወንዝ የሚመጣውን በተመለከተ አጭር እንበል። ሚሌም ሆነ በሽሎ በዚህ ወቅት ሙሉ ናቸው። ታች ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ላይ ከዘነበ ደራሽ ይመጣል። ልጆቻችሁን መንጠቆ አስይዛችሁ ወንዝ ዳር አትላኩ። የቦርከናን አሳ ደግሞ ከኮምቦልቻ በታች የተያዘ ከሆነ በክረምትም በበጋም አንገዛም። የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሁሉን ጠራርጎ ይወስደዋል። ዝናቡ አልፎ ወንዞቹ ሲጎድሉ በብርብራ ፍሬ አሳ የሚያደነዝዙ አሉ። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ነው የሚጨርሰው። በአዋጅ ቁጥር 315/1995ም በመርዝ ማስገር የተከለከለ ነው። በርካሽ ሲመጣባችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

አንዳንዶቻችሁ "አሳው ጭቃ ጭቃ ይላል" ብላችሁናል። እውነት ነው፣ ይላል። ተበላሽቶ ግን አይደለም። ውሃው ሲደፈርስና አልጌው ሲበዛ የሚፈጠር ሽታ በአሳው ስብ ውስጥ ይገባል። አምባዛ ላይ ይብሳል። ቆዳውን ግፈፉት፣ ከጎኑ ያለውን ጠቆር ያለ ሥጋና ስብ አውጡት። ሎሚና ጨው አሽታችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩትና እጠቡት። ለጥብስም ለጉላሽም ይሆናል። የእኛ ቤት ሰው በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ደህና አድርጎ ይሠራዋል። ለዱለት ግን ቆሮሶ ይሻላል።

የተበላሸውን ደግሞ ለዩ፣ ከእኛም ቢሆን። ዓይኑ ጎርጉዶ ነጭ ከሆነ፣ ስንጥቡ ከቀይ ወደ ቡናማ ከሄደ፣ በጣታችሁ ስትጫኑት ጉድጓዱ ካልተመለሰ መልሱልን። ያለ ክርክር ገንዘባችሁን እንመልሳለን። ባለፈው ነሐሴ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ በረዶው ቀልጦብን ነበር። ያለውን አሳ በሙሉ ጣልነው። ዘንድሮ በረዶ አስቀድመን እየያዝን ነው፤ መብራት ከስድስት ሰዓት በላይ ከጠፋ ግን ያንን ቀን አንሸጥም።

ስለ ዋጋ። ከአስጋሪዎቹ የምንገዛበት ጨምሯል። መንገዱም በክረምት ያስቸግራል፤ ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጭጋግና ዝናብ ሲሆን መኪናው ይዘገያል። በዚያ ላይ ፊሌቶ ስትጠይቁን አንድ ኪሎ ቆሮሶ ተልጦ የሚወጣው ሥጋ ሲሶ ያህል ብቻ መሆኑን አስቡልን። ሙሉውን አሳ የምትገዙ ከሆነ ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጣሉ፤ ሾርባው ለብርድ የሚስተካከለው የለም።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ያ የየራሳችሁ ጉዳይ ነው። እኛ የምናውቀው በእነዚያ 15 ቀናት ትእዛዙ እንደሚበዛና አሳው እንደማይበቃ ነው። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ቤተሰቦች በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ኪሎ ያልበለጠ። ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ከሦስት ቀን በፊት እዘዙ፣ ቆሮሶና አምባዛ አቀላቅላችሁ። ሜኑ ላይ "አሳ" ብላችሁ ጻፉ እንጂ ዓይነቱን አትወስኑ። አራስ ላላቸውና ለሕመምተኛ ለሚወስዱ ሁልጊዜ ትንሽ እናስቀምጣለን፤ ሃይማኖትም ሰፈርም አይለይም፣ ብቻ ቀደም ብላችሁ ደውሉ።

መኪናችን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ከሐይቅ ይገባል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ ክፍት ነው። ዝናቡ ካስቀረን ማለዳ ስልክ እንደውልላችኋለን፣ በከንቱ እንዳትመጡ።

አክባሪዎቻችሁ፣
የአሳ መሸጫው ሠራተኞች