ክሮዘር የነበረው ማርቲን

ሰላም አባላት!

ለሚቀጥለው ውይይታችን ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ስታነቡ በቀጥታ ወደ ሞንትጎመሪው የአውቶቡስ አድማ አትሩጡ። መጀመሪያ ክሮዘርን እዩ። ከ1948 እስከ 1951 (እኤአ) ፔንስልቬንያ ቼስተር ውስጥ የተማረበት የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ነው። ሲገባ ገና 19 ዓመቱ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነጮች ስለነበሩ፣ ጥቁር ሁሌ ያረፍዳል፣ ቀልደኛ ነው የሚለውን ወሬ እውነት ላለማስመሰል ጫማውን አሳምሮ፣ ልብሱን ተኩሶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይውል እንደነበር ራሱ ጽፏል። እንዴት እንደሚያደክም አስቡት!

በንግግር ትምህርት ያገኘው ውጤት ሲ (C) ነው። አዎ፣ ያ ሰውዬ! ቢሆንም ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ።

ጋንዲ ልቡ የገባውም ያኔ ነው። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ሞርዴካይ ጆንሰን ከሕንድ ተመልሰው ፊላደልፊያ ሲናገሩ ሰማና ስለ ጋንዲ መጻሕፍት ገዛ።

ኒው ጀርሲ ሜፕል ሼድ የሆነውን ግን እንዳትዘሉት። በጁን 1950 እሱንና ጓደኞቹን አላስተናግድም ያለ የመጠጥ ቤት ባለቤት ሽጉጥ አውጥቶ ወደ ላይ ተኮሰ። እነሱም ከሰሱት፤ የሚመሰክር ጠፋና ክሱ ቀረ። እኔ ውይይቱን ከዚህች ብንጀምር ደስ ይለኛል፣ እናንተስ?