በሜዳው ቀጋ፣ ከሜዳው ውጭ አልጋ የሆነው ቡድኔ

ክቡር አዘጋጅ፣

የስፖርት ዓምዳችሁ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግንና የአገር ቤቱን ሊግ በትጋት ይከታተላል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ዛሬ፣ በኦገስት 2025፣ የምጽፍላችሁ ግን እዚሁ አሜሪካ ውስጥ፣ ከደጃችን ስለሚካሄድና ብዙዎቻችን በልጆቻችን በኩል ስለለመድነው ውድድር ነው። የኮሌጅ ፉትቦል፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚወዳደሩበት የአሜሪካኖቹ የእጅ ኳስ መሰል ሳይሆን ኳስ ይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት የአሜሪካ ፉትቦል ማለቴ ነው። እኔ በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ የሃስኪስ ደጋፊ ነኝ። አዲሱ የውድድር ዘመን ኦገስት 30 ቀን 2025 ከኮሎራዶ ስቴት ጋር በሜዳችን በሚደረግ ጨዋታ ይጀመራል። (በዚህ ደብዳቤ የማነሳቸው ቀናት፣ አንድ ቦታ ላይ ዓ.ም. ብዬ ከጻፍኩት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ከቡድኔ የምጠብቀውን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል ፈለግሁ።

የምጠብቀው አንድ ነገር ነው። ሃስኪስ ዘንድሮ ከሜዳው ውጭ ማሸነፍ አለበት።

ያለፈውን ዓመት ውጤት የተመለከተ ሰው ሁለት የተለያዩ ቡድኖች አንድ ማሊያ ለብሰው የተጫወቱ ሊመስለው ይችላል። በሃስኪ ስታዲየም 6 ጨዋታ አድርገን 6ቱንም አሸነፍን። በጃንዋሪ 2024 በብሔራዊው ሻምፒዮና ፍጻሜ 34 ለ 13 የረታንን ሚሺጋንን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ 27 ለ 17 ሸኘነው። ደቡብ ካሊፎርኒያም 26 ለ 21 ተሸንፎ ተመለሰ። በተጋጣሚ ሜዳ ደግሞ 5 ጊዜ ተጫውተን 5ቱንም ተሸነፍን። ራትገርስ 21 ለ 18፣ አይዋ 40 ለ 16፣ ኢንዲያና 31 ለ 17፣ ፔን ስቴት 35 ለ 6፣ ኦሪገን 49 ለ 21 ረቱን። እዚያው ሲያትል፣ መሃል ከተማ ባለው ሉሜን ፊልድ ከጎረቤታችን ከዋሽንግተን ስቴት ጋር ያደረግነውንም ጨዋታ 24 ለ 19 ተሸነፍን። ያኔ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሱን ይዘን ከመጨረሻው መስመር አንድ ያርድ (አንድ ሜትር የማይሞላ ርቀት) ብቻ ቀርቶን ነበር። ያችን አንድ ያርድ መግፋት አቃተን።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚለው የአበው አባባል ለዚህ ቡድን የተነገረ ይመስላል። በቤቱ የመጣበትን ሁሉ ይወጋል፣ ወጣ ሲል ደግሞ ለባለሜዳው ይመቻቻል። በተጋጣሚ ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፍነው በኖቬምበር 2023 ነው፤ ኦሪገን ስቴትን 22 ለ 20።

ቤታችን ለምን እንዲህ እንደሚያስፈራ እዚያ ተገኝቶ ያየ ያውቀዋል። ከደቡብ ሲያትል፣ የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርበት ከሬኒየር ሸለቆ በቀላል ባቡር የተሳፈረ ሰው ሳይቀያይር ስታዲየሙ በር ላይ ይወርዳል። በጨዋታ ቀን ባቡሩ ከኦቴሎና ከኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያዎች ጀምሮ ወይን ጠጅ ቀለም በለበሰ ሕዝብ ይሞላል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች የዩኒቨርሲቲው አርማ ያለበት ኮፍያ ካደረጉ ልጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ሲሄዱ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም ደስ ይለኛል። ስታዲየሙ ከ1920 ጀምሮ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ያለ ሲሆን 70,000 ያህል ተመልካች ይይዛል። በጀልባ መጥተው ሐይቁ ላይ መልሕቅ የሚጥሉ ደጋፊዎች አሉት። በሁለቱም ወገን ያሉት ጣሪያዎች ጩኸቱን ወደ ሜዳው ስለሚመልሱት የተጋጣሚው ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) የገዛ ጓደኞቹ ድምፁን እንዲሰሙለት ይቸገራል። በ1992 ከኔብራስካ ጋር በተደረገው ጨዋታ ጩኸቱ 133.6 ዴሲቤል ተለክቷል። ከኖቬምበር 2021 በኋላ እስከ 2024 የውድድር ዘመን ማብቂያ በዚህ ሜዳ አልተሸነፍንም፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ በተከታታይ ያሸነፍናቸው የሜዳችን ጨዋታዎች 20 ደርሰዋል።

ታዲያ ውጭ ሲወጣ ምን ነካው? አንዱ ምክንያት ጉዞው ነው። ዩኒቨርሲቲው ከመቶ ዓመት በላይ በምዕራብ ጠረፍ ካሉ ጎረቤቶቹ ጋር ሲጫወት ኖሮ በኦገስት 2024 ቢግ ቴን ወደሚባለው ማኅበር ተዛወረ። ይህ ማኅበር ዛሬ 18 ዩኒቨርሲቲዎችን ይዞ ከኒው ጀርዚ እስከ ካሊፎርኒያ ተዘርግቷል። ያዛወረው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው፤ የድሮው ማኅበር ሲፈርስ ሌላ መሄጃም አልነበረም። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ተማሪዎቹ ናቸው። ከአይዋና ከኢንዲያና ጋር የተደረጉት ጨዋታዎች በሲያትል አቆጣጠር የተጀመሩት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። አገር አቋርጦ በርሮ፣ ሰውነቱ ገና ሌሊት ነው እያለው ተነስቶ፣ ቁርሱን በግድ ውጦ ሜዳ የሚገባ ወጣት ከባለሜዳው ጋር እኩል አይጀምርም።

ጉዞው ብቻውን ግን ሁሉን አይገልጽም። ቡድኑ ከሥሩ ተነቅሎ እንደገና የተተከለ ነበር። በ2023 በተከታታይ 14 ጨዋታ አሸንፎ ለፍጻሜ ያደረሰን አሰልጣኝ ካለን ዲቦር ከሽንፈቱ በኋላ በቀናት ውስጥ ወደ አላባማ ሄደ። ኳርተርባኩ ማይክል ፔኒክስና ኳስ ተቀባዩ ሮም ኦዱንዜን ጨምሮ 10 ተጫዋቾች የፕሮፌሽናሉ ሊግ ቡድኖች በአንድ ዓመት ባደረጉት የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ወደ ሊጉ ገቡ። ጄድ ፊሽ ከአሪዞና መጥቶ የተረከበው ስሙ ትልቅ የሆነ ባዶ ቤት ነው። ፊት ለፊት ሆነው ኳርተርባኩን የሚከላከሉት ተጫዋቾች ገና ስላልተዋሃዱ በኦሪገኑ ጨዋታ ወጣቱ ኳርተርባካችን 10 ጊዜ ኳስ እንደያዘ መሬት ላይ ወድቋል። ያ ጨዋታ ከመነሻው ተሰልፎ የተጫወተበት የመጀመሪያው ነበር።

ስለዚያ ልጅ ጥቂት ልበል፤ ተስፋዬ ያለው እሱ ላይ ነውና። ዴመንድ ዊሊያምስ ይባላል፤ አሰልጣኙን ተከትሎ ከአሪዞና የመጣ፣ በቁመቱ ከአብዛኞቹ ኳርተርባኮች የሚያንስ፣ በእግሩ ግን የሚበር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ኤል ፓሶ ላይ ከሉዊቪል ጋር ስንጫወት 35 ለ 28 እየተመራን ነበር። ሰዓቱ ሊያበቃ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ዊሊያምስ ተችዳውን (ኳሱን ወደ መጨረሻው መስመር በማድረስ የሚገኘውን 6 ነጥብ) አስቆጠረና 35 ለ 34 ሆነ። ኳሱን በእግር መትቶ አንድ ነጥብ በመጨመር አቻ መሆንና ወደ ተጨማሪ ሰዓት መሄድ ይቻል ነበር። አሰልጣኙ ግን ሁለት ነጥብ የሚያስገኘውን ሙከራ መረጠ። ሙከራው ሳይሳካ ቀረ። ብዙ ደጋፊ በዚህ ውሳኔ አሰልጣኙን ወቅሷል። እኔ አልወቅሰውም። ከሜዳው ውጭ አንድም ጊዜ ያላሸነፈን ቡድን፣ በልጁ ተማምኖ አሁኑኑ አሸንፍ ማለቱ ትክክል ነበር። ቡድኑ ቢሸነፍም በዚያ ቀን በውጭ ሜዳ ሳይፈራ ሲጫወት አይቼዋለሁ።

አሰልጣኙንም በችኮላ ባንፈርድበት እወዳለሁ። አሪዞና እያለ በመጀመሪያው ዓመት 1 ብቻ አሸንፎ 11 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ በሦስተኛው 10 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ሲያገኝ ግን ፍሬው ይታያል። ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ኳስ ይዞ ከ1,000 ያርድ በላይ የሮጠው ጆና ኮልማን አልሄደም፤ እዚሁ ከሲያትል በስተደቡብ ያደገው ረጅሙ ኳስ ተቀባይ ዴንዜል ቦስተንም አለ። የመከላከሉን ሥራ ይመራ የነበረው ስቲቭ ቤሊቺክ አባቱን ተከትሎ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ስለሄደ፣ ቦታውን ቀድሞ የፐርዱ ዋና አሰልጣኝ የነበረው ራያን ዋልተርስ ይዟል። የስፖርት ጋዜጠኞች ከውድድሩ በፊት ባወጡት የ25 ምርጥ ቡድኖች ዝርዝር ስማችን የለም። አይገርመኝም፤ ባለፈው ዓመት የሠራነው ያስገባን አልነበረም።

ከሜዳችን ውጭ 5 ጨዋታዎች አሉን። ሴፕቴምበር 20 ፑልማን ላይ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦክቶበር 4 ሜሪላንድ፣ ኦክቶበር 18 ሚሺጋን፣ ኖቬምበር 8 ዊስኮንሲን፣ ኖቬምበር 22 ፓሳዴና ላይ ዩሲኤልኤ። ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱን ብናሸንፍ የዘንድሮውን ዘመን የተሳካ እለዋለሁ። ፑልማን ላይ ሰበብ አልቀበልም፤ ያችን አንድ ያርድ የምንመልሰው እዚያ ነው። ዊስኮንሲን በኖቬምበር ብርድ ከባድ ነው። ሚሺጋን ከ100,000 በላይ ሕዝብ በሚይዝ ሜዳው በቀል ይጠብቀናል። ፓሳዴና ግን የእኛም ታሪክ ያለበት ቦታ ነው። በጃንዋሪ 1992 በአሰልጣኝ ዶን ጄምስ እየተመራን ሚሺጋንን 34 ለ 14 አሸንፈን፣ ሳንሸነፍ የጨረስነውን ዘመን በብሔራዊ ሻምፒዮንነት የደመደምነው እዚያው ሮዝ ቦውል ሜዳ ላይ ነው።

የሚያሳስበኝ ግን የኦክቶበር መግቢያ ነው። ሴፕቴምበር 27 ያለፈው ዓመት ብሔራዊ ሻምፒዮን ኦሃዮ ስቴት ወደ ሜዳችን ይመጣል። በሳምንቱ አገር አቋርጠን ሜሪላንድ እንሄዳለን። ከዚያ ተመልሰን በ6 ቀን ውስጥ፣ ዓርብ ዕለት፣ ከራትገርስ ጋር እንጫወታለን። ቀጥሎ ሚሺጋን። ከኦሃዮ ስቴት ጋር ብንሸነፍ እንኳን የዘመኑን መልክ የሚወስነው በሳምንቱ ሜሪላንድ ላይ የምናሳየው ነው። ሜሪላንድ ባለፈው ዓመት 4 አሸንፎ 8 የተሸነፈ ቡድን ነው፤ እዚያ ካልሆነልን ሌላ ቦታ እንዴት ይሆንልናል?

ከሜዳ ውጭ መጫወት ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ብሔራዊ ቡድናችን በአገሩ ደረጃውን የሚያሟላ ስታዲየም አጥቶ "የሜዳዬ" የሚለውን ጨዋታ እንኳን በሰው አገር ሲያደርግ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቢሆንም በሰኔ 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ አይተናል። የራሱ ሕዝብ የሌለበት ሜዳ ላይ፣ ያውም ግብፅን! ዋልያዎቹ በዚያ ቀን ያሳዩትን ልብ ከሃስኪስ ብጠብቅ የበዛ ጥያቄ አይመስለኝም።

በዚህ ዓመት የተለወጠ ሌላም ነገር አለ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ልጆቹ ለላባቸው ዋጋ ማግኘታቸው ተገቢ ነው እላለሁ። የሚያስጨንቀኝ በየዓመቱ ቡድን መቀያየሩ ነው። ልጅ ወደን፣ ስሙን ይዘን፣ በዓመቱ በተጋጣሚ ማሊያ ስናየው ያማል። ስለዚህ ኮልማንና ቦስተን በመቆየታቸው ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ጋዜጣችሁ በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ አካባቢ ብዙ አንባቢ እንዳለው አውቃለሁ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም የሚገኘው ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ልጆቻችሁ እዚያ የሚማሩ ከሆነ ለሜሪላንድ ብትጮኹ አልቀየምም፤ ለልጅ ትምህርት ቤት መጮህ የወላጅ ወግ ነው። ነገር ግን ከሲያትል ወደዚያ የተዛወራችሁ፣ ወይም ዘመድ ሲያትል ያላችሁ፣ ወይም የዚህ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ኦክቶበር 4 ቀን ወይን ጠጅ ለብሳችሁ ሜዳ ግቡ። 3,700 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ ለሚመጣ ወጣት፣ ከተመልካቹ መካከል የራሱን ቀለም ማየት ምን ያህል እንደሚያበረታ ስፖርት የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም ከዚህ የምንችል እንመጣለን።

ለእናንተም፣ ክቡር አዘጋጅ፣ አንድ ልመና አለኝ። በየሳምንቱ ከስፖርት ገጻችሁ ጥቂት መስመር ለኮሌጅ ፉትቦል ውጤት ስጡልን። ለሃስኪስ ብቻ አይደለም፤ የሜሪላንድን፣ የሚኒሶታን፣ የኦሃዮን፣ የቴክሳስን ጨምሩበት፤ ወገናችን በሚኖርባቸው ከተሞች ሁሉ ቡድን አለ። ቤት ውስጥ ልጆች ስለዚህ ጨዋታ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ዝም ብለው የሚሰሙ ወላጆች አሉ። የጨዋታው ሕግ በአማርኛ በአጭሩ ቢቀርብላቸው፣ ማለትም ኳሷን 10 ያርድ ለመግፋት 4 ዕድል እንደሚሰጥ፣ ተችዳውን 6 ነጥብ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ መሞከር እንደሚቻል ቢነገራቸው፣ ቅዳሜን ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ለማየት ይበቃቸዋል። ፈቃዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እኔ አዘጋጅቼ ከኦገስት 30 በፊት እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሃስኪስ ደጋፊ፣ ከሲያትል